የቁጥር አንድ ገበሬ ሚስት

ባለፈው ክረምት ጎጃም አያታችን ዘንድ ሰንብተን ነበር። በሰነበትንበት ሳምንት አንዲት የዘመድ ልጅ ልትታጭ ሆነና ሽማግሌዎቹ «ሰባት ቤት ይራራቃሉ ወይስ አይራራቁም?» ብለው ዘር መቁጠር ጀመሩ። እኛም ዩኒቨርሲቲ የበጠስን፣ ያውም ጋዜጠኝነት ተምረን ጠይቆ ማወቅ ሙያችን ነው ብለን የምንመጻደቅ ልጆች «እስቲ እናንተም ቁጠሩ» ስንባል አራተኛው ቤት ላይ ቀጥ አልን። እምዬ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወንዱን በወንድነቱ ሴቷን በሴትነቷ እያነሱ፣ ሰባተኛው ድረስ ዘለቁ። እዚያ ሲደርሱ «እሱ አቅኚው ነው» ብለው ቆሙ። አቅኚ ማለት መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው፣ ጫካ መንጥሮ የተቀመጠው አባት ነው። ከእሱ ወዲያ ቆጠራ የለም።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ አንድ ነገር ሲከነክነን ሰነበተ። እንደ እምዬ የምትቆጥር አያት የሌለው ሰው የዘሩን ነገር በምን ያውቃል? አሜሪካኖቹ በወረቀት ያውቃሉ አሉን። አያት ቅድመ አያታቸው ከመንግሥት መሬት ተቀብሎ ከሆነ ፋይሉ ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጧል፤ የባለቤትነት ወረቀቱንማ ኢንተርኔት ላይ ስም ጽፎ በነጻ ማየት ይቻላል። እኛ ደግሞ የማንንም ስም ስለማናውቅ ከቁጥር አንድ ጀመርን። ቁጥር አንድ እውነትም ቁጥር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ማመልከቻ ቁጥር 1፣ የባለቤትነት ወረቀት ቁጥር 1፣ መዝገብ 1፣ ገጽ 1። ስሙ ዳንኤል ፍሪማን ይባላል። የነሱ አቅኚ አባት ማለት ነው።

(ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ማደባለቁ እኛንም አድክሞናል።)

መጀመሪያ ሕጉን እንወቀው። ፕሬዚዳንት ሊንከን እርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት በግንቦት 1862 የሆምስቴድ ሕግ የሚባለውን ፈረሙ። ሕጉ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፤ ዕድሜህ 21 ከሞላ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ ከሆንክ፣ ዜጋ ከሆንክ ወይም ዜጋ ለመሆን ካመለከትክ፣ በመንግሥት ላይም ጠመንጃ ካላነሳህ 160 ኤከር መሬት ትወስዳለህ። 160 ኤከር ወደ 65 ሄክታር ይጠጋል፤ በድሮው በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ነው። አምስት ዓመት ኖረህበት፣ ቤት ሠርተህ፣ አርሰህ ካሳየህ የራስህ ይሆናል። የምትከፍለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 18 ዶላር ነው። «አንተ» እያልን የጻፍነው አምልጦን አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ጥር 1 ቀን 1863 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 1855 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አጼ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ያቺን መዘዘኛ ደብዳቤ ከጻፉ ገና ሁለት ወራቸው። የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ይላል። ፍሪማን የሰሜኑ ጦር ወታደር ነበር፤ ፈቃዱ አልቆ ወደ ጦሩ ሊመለስ ነው። መሬት የሚያስመዘግብበት ቢሮ ኔብራስካ ውስጥ ብራውንቪል በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ነው ያለው። በዓል ነውና ቢሮው ዝግ ነው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ድግስ ላይ ከቢሮው ሠራተኞች ጋር ይገናኝና ይለምናቸዋል፤ እነሱም እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ከፍተው ይመዘግቡታል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። በጣም ደስ የሚል ታሪክ ሲነገረን ግን ትንሽ ጠርጠር እናደርጋለን (ያስተማሩን ይህንኑ ነው)። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ400 በላይ ሰዎች በየቢሮው ተመዝግበዋል። ዳኮታ ውስጥም «የመጀመሪያውስ እኔ ነኝ» ያለ ሰው ነበር። ሌሊት የተከፈተው በር እውነትም ይሁን የቤተሰብ ወግ፣ ወረቀቱ ላይ ቁጥር 1 የተጻፈው ለፍሪማን ነው። በእኛም አገር ቢሆን አቅኚው እሱ ነው የሚባለው የማን ልጆች ጮክ ብለው ስለቆጠሩ እንደሆነ አንዳንዴ እግዜር ይወቀው።

ጨዋታው ያለው ግን ከድግሱ ላይ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በተሞላው ቅጽ ላይ ነው። ጥር 20 ቀን 1868 ፍሪማን ሁለት ጎረቤቶቹን ምስክር አድርጎ ቀረበ። አምስት ዓመቱ ሞልቶ ገና 19 ቀኑ ነው፤ ሰውየው ቀን ሲቆጥር እንደነበር ያስታውቃል። ምስክሮቹ ጆሴፍ ግራፍና ሳሙኤል ኪልፓትሪክ ይባላሉ። ያዩትን በመሐላ ዘረዘሩ። ቤቱ ከፊሉ ግንድ፣ ከፊሉ ጣውላ ነው፤ ወርዱ 14 ቁመቱ 20 ጫማ፣ ሁለት በር፣ ሁለት መስኮት፣ ወለሉ ሳንቃ። ተሰልቶ ሲታይ 26 ካሬ ሜትር የምትሆን አንዲት ክፍል ናት፤ እኛ አሁን ከተከራየናት ብዙም አትበልጥም። የታረሰውና የታጠረው መሬት ወደ 35 ኤከር ነው። ጋጣ አለ፤ 100 ጫማ የሚረዝም የበግ ማደሪያ አለ፤ የበቆሎ ጎተራ አለ። 40 የፖም ዛፍና ወደ 400 የሚሆን የኮክ ዛፍ ተተክሏል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናንብበው፤ የዘር ታሪክ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለውን ወረቀት እንደ ጋዜጣ አያልፈውም። ከ160 ኤከር የታረሰው 35 ነው፤ አራተኛው እጅ እንኳ አልሞላም። ስለዚህ የመሬት ጥበት አልነበረም፤ የጠበበው ጉልበት ነው። የበጎቹ ቤት ከሰዎቹ ቤት አምስት ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ ገንዘቡ በጎቹ ዘንድ ነው። 400 የኮክ ችግኝ ደግሞ ለነገ ብሎ የሚተክል ሰው ሥራ አይደለም፤ ለልጆቹ ብሎ የሚተክል ሰው እንጂ። ታዲያ 400 ችግኝ ማን ተከለው? ማን ውሃ አጠጣው?

መልሱ እዚያው ቅጽ ላይ በግማሽ መስመር አለ። ፍሪማን የቤተሰብ ኃላፊ መሆኑን ሲመሰክሩ ቤተሰቡ «አንዲት ሚስትና ሁለት ልጆች» እንደሆነ ይናገራሉ። አለቀ። የሁለቱ ጎረቤቶች ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። የፖም ዛፎቹ ተቆጥረዋል። የመስኮቱና የበሩ ቁጥር ሳይቀር ሰፍሯል። የሚስቲቱ ስም ግን የለም።

ስሟ አግነስ ሱተር ነው። እሷን ለማግኘት የመሬቱን ፋይል ዘግቶ ሌላ ወረቀት መክፈት ያስፈልጋል፤ ሌላ ወረቀት ሲከፈት ደግሞ ሌላ ሰው ይወጣል። አግነስ በመጀመሪያ የታጨችው ለዳንኤል አልነበረም፤ ለወንድሙ ለጄምስ ነበር። ጄምስ በጦርነቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ በአዮዋ ያለችው ልጅና በኔብራስካ ያለው የእጮኛዋ ወንድም ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመሩ፤ በደብዳቤውም ተጫጩ፤ በ1865 ተጋቡ። እሱ በ1826 ኦሃዮ ውስጥ የተወለደ ነው፤ እሷ በ1843። አሥራ ሰባት ዓመት ይበልጣታል። ከአዮዋ እስከ መሬቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ባቡር በዚያን ጊዜ እዚያ አልደረሰም።

ይሄን ስናነብ «የሟች ወንድሙን…» ብላችሁ አንድ የምታውቁት ነገር ትዝ ሳይላችሁ አልቀረም። የወንድምን ሚስት መውረስ በአገራችን በብዙ ቦታ የነበረ ነገር ነው። ልዩነቱ አግነስ ገና አላገባችም፤ «እምቢ» ብላ ደብዳቤውን መመለስ ትችል ነበር። አልመለሰችም። በዚያች ልቧ በተሰበረ ልጅ ቦታ ሆነን ለማሰብ ሞከርን፤ ሳይሳካልን ቀረ። ሃያ ሁለተኛ ዓመት አካባቢ ላይ ናት፤ ከእኛ ታንሳለች። የሄደችው በር ሁለት መስኮት ሁለት ወዳለባት ክፍል ነው።

ከቀኖቹ አንድ ሌላ ነገር ይወጣል። ማመልከቻው 1863፣ ጋብቻው 1865፣ ምስክርነቱ 1868። ከአምስቱ የሙከራ ዓመታት ወደ ሦስት የሚጠጉትን አግነስ እዚያው ነበረች። በሕጉ ዓይን ግን የኖረበትም ያረሰበትም ዳንኤል ነው። ሕጉ በሴቶች ላይ በሩን ዘግቶ ነበር ማለት ግን አይደለም። ያላገባች፣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት 21 ዓመት ከሞላት በራሷ ስም መሬት መውሰድ ትችል ነበር፤ ለ1862 ትልቅ ነገር ነው፤ የመምረጥ መብት እንኳ አልነበራትም። የማትችለው ያገባችዋ ናት፤ የቤተሰብ ኃላፊ ባሏ ነውና። ያገባች ሴት በፋይሉ ውስጥ ደመቅ ብላ የምትወጣው ባሏ አምስት ዓመቱን ሳይጨርስ ከሞተ ነው፤ ያን ጊዜ «የሟች ባለቤት» ተብላ ራሷ ቀርባ ትጨርሳለች፣ ወረቀቱም በስሟ ይሆናል። አግነስ ባሏ በሕይወት ስለነበረ ስሟ ቀረ።

እንዲህ ያሉ ሴቶችን የሚፈልጉ ሰዎች የሚሄዱት ወደ ሕዝብ ቆጠራው ነው። በአሜሪካ ከ1850 በፊት የነበረው ቆጠራ የቤቱን አባወራ ስም ብቻ ይጽፍና የቀረውን በቁጥር ያልፈዋል። ከ1850 ጀምሮ ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ ተጻፈ (ባሪያ የተባለው አሁንም በቁጥር ነው)። በ1880 ደግሞ «ለአባወራው ምኑ ነሽ?» እና «አባትሽ የት ተወለደ? እናትሽስ?» የሚሉ ጥያቄዎች ተጨመሩ። የ1890ው ብዙው ክፍል ዋሽንግተን ውስጥ በ1921 በተነሳ እሳት ጠፋ። ስለዚህ በብዙ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ከ1880 እስከ 1900 ጭልጥ ያለ ጨለማ አለ። አንድ ሕፃን በ1881 ተወልዶ በ1899 ከሞተ፣ ቤተ ክርስቲያን ካልመዘገበው ወይም መቃብሩ ላይ ካልተጻፈ፣ አልነበረም ማለት ነው።

እዚህ ጋ ስንደርስ እምዬ ትዝ አሉን። የጎጃምን የርስት ሥርዓት ያጠናው አላን ሆበን በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው ርስት የሚቆጠረው በአባትም በእናትም ነው። አንድ ሰው መሬት ይገባኛል ሲል ወደ አቅኚው አባት የሚያደርሰውን ሐረግ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ይቆጥራል፤ ሐረጉ በሴት አያቱ በኩል ከሆነ በእሷ በኩል ይቆጥራል። ስለዚህ የሴት አያት ስም መርሳት መሬት መርሳት ነበር። እምዬ ሁለቱን ሴቶች ሳይዘሉ የቆጠሩት ለሴቶች መብት ተቆርቁረው አይደለም፤ እሳቸው ሲያድጉ ስም ማለት ማሳ ስለነበር ነው። ርስት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። እኛ አራተኛው ቤት ላይ የቆምነው ከዚያ በኋላ ስለተወለድን ነው ብለን ራሳችንን አጽናንተናል። (አጽናኝ ምክንያት ነው፤ ስንፍናም አለበት።)

ይሁንና ርስትን አናሞግሰው። ስሟ ይቆጠር እንጂ አራሹም፣ ሸንጎ የሚቆመውም ወንዱ ነበር። አቅኚ አባት ተባለ እንጂ አቅኚ እናት ሲባል ብዙም አልሰማንም።

ወደ ኔብራስካ እንመለስ፤ ያልቆጠርነው ሰው ገና አለ። ጥር 1 ቀን 1863 ሌላም ነገር የሆነበት ቀን ነው፤ ሊንከን በአመጹ ግዛቶች ያሉ ባሪያዎች ነጻ ናቸው ያሉበት አዋጅ የጸናው በዚያው ዕለት ነው። ለአንዱ መሬት፣ ለሌላው ራሱን። ያ ነጻ የወጣው ሰው ዜጋ ተብሎ መሬት ለመጠየቅ ሕጉ የተስተካከለለት ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ካንሳስ ውስጥ ኒቆዲሞስ የምትባለውን የጥቁሮች መንደር የቆረቆሩት በ1877 ነው። በዚያን ጊዜ የፍሪማን ኮክ ፍሬ ለመስጠት ደርሶ አልፎታል።

ደግሞስ 160ው ኤከር «የመንግሥት መሬት» የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አካባቢው የኦቶና የሚዙሪያ ሕዝቦች ነበር። በ1854 በተፈረመ ውል አብዛኛውን መሬታቸውን ለመንግሥት ለቀቁና ቢግ ብሉ በሚባለው ወንዝ ዳር በተከለለላቸው ቦታ ተቀመጡ። ይህ ክልል የፍሪማን እርሻ ካለበት ከጌጅ ካውንቲ ደቡብ ጫፍ ይደርሳል። ፍሪማን በራፉ ላይ ቆሞ «ባዶ መሬት» ሲያቀና እነሱ የአንድ ሁለት ቀን መንገድ ርቀት ላይ ነበሩ። በ1881 ከዚያም ተነስተው ኦክላሆማ ሄዱ፤ ዛሬም የጎሳው መቀመጫ እዚያው ነው። በፋይል ቁጥር 1 ውስጥ ስለነሱ አንድ ቃል የለም። መኖርም አይጠበቅበትም፤ ቅጹ የሚጠይቀው «ምን ሠራህ?» እንጂ «ማን ነበረ?» አይደለም።

ጠቅላላው ሲደመር ምን ያህል እንደሆነ እንንገራችሁ። ሕጉ በሠራባቸው ዓመታት ወደ 1.6 ሚሊዮን ሰዎች የባለቤትነት ወረቀት ተቀብለዋል፤ መሬቱ ወደ 270 ሚሊዮን ኤከር ነው። ይሄን ወደ ካሬ ኪሎ ሜትር ስንመልሰው ደነገጥን፤ ወደ 1.09 ሚሊዮን ይመጣል። ኢትዮጵያን ያህል አገር በነጻ ታደለ ማለት ነው። ከሚመዘገቡት ግን ከግማሽ በላዩ አምስቱን ዓመት ሳይጨርሱ ለቀዋል፤ ድርቁ፣ አንበጣው፣ ብርዱ፣ ዕዳው። ሕጉ በአብዛኛው አገር በ1976፣ በአላስካ በ1986 አበቃ።

ባልና ሚስቱ አለመልቀቃቸውን ወረቀቱ ይመሰክራል። የባለቤትነት ማረጋገጫው መስከረም 1 ቀን 1869 ተጻፈ። ዳንኤል እየሸመገለ ሲሄድ እልኸኛ ሆነ። ከእርሻው አቅራቢያ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርቷ መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለች፣ ታስጸልያለች ብሎ ከሰሰ፤ የኔብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1902 ለእሱ ፈረደለት። በአሜሪካ ሃይማኖትና ትምህርት ቤት ይለያዩ የሚሉ ሰዎች ይሄን ፍርድ እስካሁን ይጠቅሱታል። በታኅሣሥ መጨረሻ 1908 ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው መሬቱ ላይ ነው።

አግነስ ከእሱ በኋላ 22 ዓመት ከምናምን ኖረች። በ1931 አረፈች፤ ከጎኑም ተቀበረች። ያቺን የደብዳቤ ሙሽራ የሚያውቃት ቅጽ «አንዲት ሚስት» ይላል፤ የመቃብሩ ድንጋይ ግን ስሟን ይዟል። ምክር ቤቱ በ1936 ቦታው ብሔራዊ መታሰቢያ እንዲሆን ወሰነ። በ2021 ስሙ ተለውጦ የሆምስቴድ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ተባለ። ከቢያትሪስ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ለጎብኚ ክፍት ነው። ቤቱ የለም። ሣሩ መልሶ ተተክሏል፤ የአገሩን ረጅም ሣር ለመመለስ እዚያ ላይ የተጀመረው ሥራ በአሜሪካ ከቀደሙት አንዱ ነው። ፍሪማን 35 ኤከሩን ለማረስ የታገለው ሣር መሆኑ ነው።

በመስቀል ሰሞን ተመልሰን ጎጃም ሄድን። ለእምዬ የአግነስን ነገር ነገርናቸው። የገረማቸው ወንድሙ መሞቱም፣ ደብዳቤውም አይደለም። «ስሟን ሳይጽፉ ምስክር ተባሉ?» አሉና ተነስተው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ያወጡት የመሬት ደብተራቸውን ነው። በአማራ ክልል ይህ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲወጣ ተደርጓል፤ ትግራይ ላይ ቀደም ብሎ ሲጀመር በአባወራው ስም ብቻ ነበር። አያታችን ሟች ባላቸው በግራ፣ እሳቸው በቀኝ ሆነው ከደብተሩ ላይ ያዩናል። ለፎቶው ሲባል ነጠላቸውን ያስተካከሉበት ቀን ትዝ ይላቸዋል፤ ፎቶ አንሺው «እማማ አይሳቁ» ብሏቸው እንደነበርም።

አቅኚው መጀመሪያ ሲመጣ ማን ነበር ስንላቸው «ጫካ ነበር» አሉ። ቡና እየቆሉ ነው። ኔብራስካ የሚለው ስም ራሱ የኦቶዎች ቃል እንደሆነ፣ ትርጉሙም ለጥ ያለ ውሃ ማለት እንደሆነ ነገርናቸው። ዝም ብለው ቆሉ። ቡናው ሊደርስ ሲል ነው መልሰው ያነሱት። «ከታች ያለችው ወንዛችን» አሉ፣ «ስሟ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

አናውቅም አልን።

«እኔም አላውቅም። አማርኛ አይደለም፤ የአገው ነው ይሉ ነበር።»